ርካሹን ኤሌክትሪክ ጊታሬን ልሽጠው ወይስ ላስተካክለው? (23 ምላሾች)

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሦስት ዓመት አብሮኝ የቆየ ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ። በዋጋ ዝርዝር ከታች ከሚጀምሩት አንዱ ነው። አካሉ ፖፕላር እንጨት፣ አንገቱ ሜፕል ሲሆን አንገቱ ከአካሉ ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ፒክአፖች በአንገቱ በኩልና በመሐል ባለ አንድ ጥቅል፣ በድልድዩ በኩል፣ ክሮቹ በአካሉ ላይ በሚያርፉበት ማለት ነው፣ ሃምበከር የሚባለው ባለ ሁለት ጥቅል አለው። የጣቶቼ ጫፍ የጠነከረው በዚህ ጊታር ነው፤ አንድ ሙሉ ዜማ ያለ ስሕተት ለመጀመሪያ ጊዜ የጨረስሁትም በዚሁ ነው። አሁን ግን አራት ነገር አስመርሮኛል። ክሩን በጣቴ ጎትቼ ስለቀው ወደ ቅኝቱ አይመለስም። ከ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ስስ ብረቶች) በላይ የምይዘው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሁሉ ይጎመዝዛል። አምፕሊፋየሩን ስከፍት የማይቋረጥ ጉርምርምታ ይሰማል። እጄን በአንገቱ ላይ ሳንሸራትት ደግሞ የፍሬቶቹ ጫፍ ይቧጭረኛል።

ጓደኞቼ ሽጬው ስም ያለው እንድገዛ ይመክሩኛል። እኔ ጥፋቱ የጊታሩ ለመሆኑ ማረጋገጫ አላገኘሁም። ስለዚህ የጠየቅሁት ይህንን ነው፦ ርካሽ ጊታር በምን ይመዘናል? የሚስተካከለው ጉድለት ከማይስተካከለው የሚለየውስ እንዴት ነው?

ምላሾቹ በአሥራ አንድ ቀን 23 ደረሱ። ብዙዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሐሳባቸውም ወዲያና ወዲህ ይዘላል። በኋላ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር የየአንዳንዱን ፍሬ ነገር በራሴ ቃል ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። የራሴንም ፍርድ አልሸሸግሁም።

ምላሽ 1። የመጀመሪያው መላሽ በትሕትና ሰላምታ ሰጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ክሮቹ ከተቀየሩ ስንት ጊዜ ሆናቸው? ስቆጥረው አሥራ አንድ ወር ሆኗል። እሳቸው እንዳስረዱት ክር ሲያረጅ ላብና ዝገት ይይዘዋል፤ ፍሬት በሚነካውም ቦታ እየተበላ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆኑ ይቀራል። እንዲህ ያለ ክር የቱንም ያህል ተጠንቅቀው ቢቃኙት በአንገቱ ርዝመት ሁሉ ልክ ሊሆን አይችልም። ጊታሩን ከመክሰስ በፊት ክሩን መቀየር ነው። ውፍረቱንም ጠይቀውኛል። በብዛት የሚሸጡት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ በኢንች ሺኛ ሲለኩ ከ9 እስከ 42 እና ከ10 እስከ 46። ወፍራሙ አንገቱን አጥብቆ ስለሚስብ ከቀጭኑ ወደ እሱ የተሻገረ ሰው ጊታሩን እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ተሻግሬ ነበር፤ ምንም ሳላስተካክል።

ምላሽ 2። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ደግፎ ቅደም ተከተል ሰጠ። መጀመሪያ ክር፣ ቀጥሎ የአንገቱ ጉብጠት፣ ከዚያ የክሩ ከፍታ፣ በመጨረሻ በ12ኛው ፍሬት ላይ የሚደረገው የቅኝት ማስተካከያ። ይህን ቅደም ተከተል ማፋለስ ድካምን ከንቱ ያደርጋል፤ ፊተኛው ሲለወጥ ኋለኛው አብሮ ይለወጣልና። የጉብጠቱን አለካክ እንዲህ አስረድቷል። አንዱን ክር በ1ኛው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጭኖ መያዝ፤ ክሩ በዚህ ጊዜ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ይሆናል። ከዚያ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬት አናትና በክሩ መካከል ያለውን ክፍተት መካኒኮች የካንዴላ ክፍተት በሚለኩበት ስስ ብረት መለካት። ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ደኅና ነው። ከበዛ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን የብረት ዘንግ ጠበቅ ማድረግ፤ ካነሰ ላላ ማድረግ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም፤ ከእያንዳንዱ ሩብ ዙር በኋላም መልሶ መቃኘትና መልሶ መለካት ያስፈልጋል። የክሩ ከፍታ ደግሞ በ12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል።

በዚያው ምሽት ለካሁ። የእኔ ጉብጠት ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ነበር፤ የወፍራሙ ክር ከፍታም 3 ሚሊሜትር ሊደርስ ምንም አልቀረው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጣቴ ደካማ ነው እያልሁ የታገልሁት ከዚህ ጋር ነበር።

ምላሽ 3። ይኸኛው ይህን ሁሉ ድካም አይቀበለውም። በእርሱ እምነት ርካሽ ጊታር ላይ የሚፈስ ጊዜ ከስሮ የሚቀር ነው። ትልቅ ስም ያለው ጊታር እንጨቱ የተመረጠ፣ ሽቦው የተጣራ፣ ፍሬቱ የተስተካከለ ነው፤ ሊሸጡት ቢፈልጉም ዋጋውን ይዞ ይቆያል። በጨዋ አነጋገር ነው የጻፈው፤ እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እርስዎ እየተባባልን ነበር።

ምላሽ 4። አራተኛዋ የመለሰችው ለሦስተኛው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ያስተማረኝም የእሷ ጽሑፍ ነው። ስም ያላቸው ድርጅቶች ራሳቸው ርካሽ ጊታር እንደሚሠሩ ታስታውሳለች። ፌንደር ስኩዋየር የተባለውን የክር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1965 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ገዝቶ ስሙን በ1982 በጃፓን ለተሠሩ ረከስ ያሉ ጊታሮች አዋለው። ኤፒፎን በ1957 ከጊብሰን ጋር ተጠቃልሎ ውሎ አድሮ የጊብሰንን ቅርጾች በዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርብ ስም ሆነ። ያማሃም ከ1990 ጀምሮ ፓሲፊካ የሚባለውን አውጥቷል። ከዚህ በኋላ ያነሣችው ነጥብ ግን ከስም ዝርዝር የበለጠ ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር አሠራር ራሱ ወጪን ከመቀነስ የተወለደ ነው ትላለች። ሊዮ ፌንደር በ1950 ብሮድካስተርን፣ በኋላ ቴሌካስተር የተባለውን፣ ሲያወጣ አካሉ ጠፍጣፋ ሳንቃ ነበር፤ አንገቱም በማጣበቂያ ፈንታ በብሎን የታሰረ ነበር። ይህ የተደረገው በፋብሪካ ቶሎ እንዲሠራና የተበላሸ አንገት ተፈትቶ በሌላ እንዲተካ ነው። እኛ ዛሬ የርካሽነት ምልክት አድርገን የምናየው የብሎን ማያያዣ በክቡሩ ጊታር ላይም ያለ ነው። በዚያ ላይ አሁን አንገቱንም አካሉንም የሚቀርጸው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ስለሆነ፣ የርካሹና የውዱ ልዩነት ከቅርጹ ይልቅ ማሽኑ ከጨረሰ በኋላ የሰው እጅ በሚያጠፋው ሰዓት ላይ ነው። ፍሬት ማለስለስ፣ በአንገቱ ራስ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበትን ስንጥቅ መሞረድ፣ መለካት፣ መቃኘት፤ ዋጋ ሲቀነስ በቅድሚያ የሚቀረው ይህ ሥራ ነው። እሱን ደግሞ ባለቤቱ ሊጨምረው ይችላል።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ጥያቄዬ ራሱ ተለወጠ። ጊታሬ መጥፎ መሆን አለመሆኑን ትቼ፣ ያልተጨረሰው በየትኛው በኩል እንደሆነ መፈለግ ጀመርሁ።

ምላሽ 5። የታላላቅ ተጫዋቾችን ታሪክ ይዘው የመጡ አንድ አንባቢ ናቸው። ጂሚ ሄንድሪክስ አባቱ የገዙለት የመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ጊታር ሱፕሮ የተባለ ተራ ጊታር ነበር። ዳንኤሌክትሮ በ1950ዎቹ ጊታሮቹን ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሰሌዳ ይሠራ ነበር፤ የሊፕስቲክ ቱቦም የፒክአፕ መያዣ አድርጎታል፤ ጂሚ ፔጅም እንዲህ ያለውን በመድረክ ተጫውቶበታል። ብራያን ሜይ ደግሞ ከ1963 ጀምሮ ከአባቱ ጋር በቤት ውስጥ የሠራው ጊታር አንገቱ የአሮጌ እሳት ምድጃ እንጨት ነው። ሰውን የሚያሳርፍ ጽሑፍ ነበር።

ምላሽ 6። ስድስተኛው ላይ እርስዎ መባባሉ ቀረና አንተ ተባለ። ጸሐፊው አምስተኛውን ያለ ርኅራኄ ተቸ። የእጅ ብልሃት የጊታር ማስረጃ አይሆንም፤ ሄንድሪክስም ቢሆን በዚያ ጊታር አልቆየም። የብራያን ሜይን ጊታር ከርካሽ መቁጠር ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሁለት ሰዎች ሁለት ዓመት ያህል የለፉበት፣ አንድ መሐንዲስ አባት በጥንቃቄ ያሰላው ሥራ ነው። ቁም ነገሩ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን ጽሑፋቸውን በፍቅር ያዘጋጁትን ሰው አስቀይሟል። እኚያ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ውይይቱ አልተመለሱም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ምላሽ 7። የእኔ ነው። ክሩን በአዲስ ከ9 እስከ 42 ቀየርሁ፣ የብረት ዘንጉን በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ሩብ ዙር ጠበቅ አደረግሁ፣ የክሩን ከፍታ ወደ 1.8 ሚሊሜትር አወረድሁ። እጄ ተፈታ። ከ12ኛው ፍሬት በላይ ያለው ጉምዛዜ ግን ቢቀንስም ጨርሶ አልጠፋም።

ምላሽ 8። የሒሳብ ሰው መጣ። የጊታር አንገት በዘፈቀደ አልተከፋፈለም ይላል። ከአንዱ ፍሬት ወደ ቀጣዩ ስንሄድ የቀረው የክር ርዝመት በ1.0595 ይካፈላል፤ ይህ ቁጥር አሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ሁለት ስለሚሆን 12ኛው ፍሬት ሁልጊዜ እመሐል ላይ ይወድቃል። በፌንደር ልክ በተሠራ ጊታር የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው፤ 12ኛው ፍሬት 324 ላይ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግን ክር ሲጫኑት የማይለጠጥ ቢሆን ነው። በተግባር ክሩ ወደ ፍሬቱ ሲጫን ይለጠጣል፤ ድምፁም ከሚገባው በትንሹ ከፍ ይላል። ለዚህ ማካካሻ በድልድዩ ላይ ያሉት ስድስት መቀመጫዎች ክሩን ከሒሳቡ ጥቂት ያስረዝሙታል፤ ወፍራሙን ይበልጥ፣ ቀጭኑን ያነሰ። የክሩ ከፍታ ሲጨምር መለጠጡም ስለሚጨምር ነው ሁለተኛው መላሽ ከፍታን ከቅኝት ማስተካከያ ያስቀደመው።

ፈተናው ቀላል ነው። በ12ኛው ፍሬት አናት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ የሚወጣውን ጥርት ያለ ድምፅ በመቃኛ መሣሪያ ማየት፤ ከዚያ በዚያው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚወጣውን ማየት። የተጫኑት ከፍ ካለ መቀመጫውን በካቻቢቴ ከአንገቱ ማራቅ፤ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ማቅረብ። ሁለቱ ሲገጥሙ ወደሚቀጥለው ክር መሄድ። እኔ ስሞክረው ከስድስቱ አምስቱ ከፍ ይሉ ነበር። ሥራው አርባ ደቂቃ ገደማ ወሰደብኝ። ሲያልቅ በ14ኛው ፍሬት ላይ አንድ ኮርድ ያዝሁና ዝም ብዬ ሰማሁት፤ ከዚያ ጊታር እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11። እዚህ ላይ ወሬው ጥቂት ፈቀቅ አለ። ዘጠነኛው ምንም ያህል ቢስተካከል ጊታር ፍጹም ቅን ድምፅ እንደማይሰጥ ጻፈ። ኦክታቭ የሚባለውን፣ ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለውን ርቀት፣ በአሥራ ሁለት እኩል ግማሽ ድምፆች ስንከፍል፣ አንዱን ግማሽ ድምፅ መቶ ሴንት ብንለው፣ ሜጀር ሦስተኛ የሚባለው ርቀት ከተፈጥሮው በ14 ሴንት ገደማ ይሰፋል፤ አምስተኛው ደግሞ በ2 ሴንት ይጠባል። ስለዚህ ጆሮው የሠለጠነ ሰው ኮርድ ውስጥ የሚሰማው ቅሬታ የጊታሩ ጥፋት ላይሆን ይችላል፤ የፒያኖም ዕዳ ነው። አሥረኛው አመሰገነ። አሥራ አንደኛው ግን በዚህ ተቆጣ፤ እንዲህ ያለው ትምህርት የተበላሸ ጊታር ለሚሸጥ ሰው መደበቂያ ይሆናል አለ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል ብዬ አምናለሁ። 14 ሴንቱ በውዱም በርካሹም ላይ እኩል ስለሚገኝ አንዱን ጊታር ከሌላው ለመለየት አያገለግልም፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ስሕተት ግን ይለያል።

ምላሽ 12። ወደ ጉርምርምታው ተመለስን። ጸሐፊዋ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ እንደሆነች ከአጻጻፏ ያስታውቃል። ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በዙሪያው በሺዎች ጊዜ የተጠቀለለ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ነው። የብረቱ ክር በማግኔቱ አጠገብ ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ጅረት ይፈጥራል። ይኸው ጥቅል ግን በቤቱ ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከመብራትና ከትራንስፎርመር የሚወጣውንም በሴኮንድ 50 ወይም 60 ጊዜ የሚመላለስ መስክ ይቀበላል። ሴዝ ላቨር በጊብሰን ቤት ሳለ በ1955 ያቀረበው መፍትሔ ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምጥሞ ማግኔታቸውንም ማገላበጥ ነበር፤ የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ከውጭ የመጣው ጉርምርምታ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሃምበከር የተባለው በዚህ ነው። ስለዚህ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ቢያጉረመርም ባሕርይው ነው፤ ውዱም ያጉረመርማል። መፈተኛው ጊታሩን ይዞ በቦታ ላይ መዞር ነው። በአንድ አቅጣጫ በርትቶ በሌላው የሚቀንስ ከሆነ ከአየር የተቀዳ ነው። ምንም የማይለወጥ ከሆነ ግን ሽቦ መመርመር ይገባል።

ምላሽ 13። ይህን ምላሽ ሳነብ ደነገጥሁ። ጸሐፊው የአምፕሊፋየሩን ስፒና ሦስተኛ እግር፣ የመሬቱን፣ ቆርጦ በመጣል ጉርምርምታውን እንዳጠፋና እኔም እንዲሁ እንዳደርግ መከረ።

ምላሽ 14። አሥራ አራተኛው ጸሐፊ ሰላምታም አልሰጡም። ከውይይቱ ሁሉ በጣም የተቆጣው ይህ ምላሽ ነው፤ በእኔ አስተያየት ቁጣው ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው። የጊታሩ ክሮች በድልድዩ በኩል ከጊታሩ የመሬት ሽቦ ጋር፣ በገመዱ ሽፋን በኩልም ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተበጥሶ ያንን የብረት አካል ቢነካ፣ ሦስተኛው እግር ካለ ጅረቱ ወደ መሬት ወርዶ ፊውዙን ያቃጥላል። እግሩ ከተቆረጠ ግን ኤሌክትሪኩ በክሮቹ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ተጫዋቹ እጁ ክሩ ላይ እያለ ከንፈሩ ከሌላ መሣሪያ ጋር የተያያዘ ማይክሮፎን ቢነካ መንገዱ በደረቱ በኩል ነው። በዚህ ሁኔታ ሰው ሞቷል። ጉርምርምታ ለማጥፋት ተብሎ ሕይወት አይያዝም።

አሥራ ሦስተኛው በዕለቱ ጽሑፉን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ የራሱንም ስፒና እንደሚቀይር ጻፈ። ምላሹን ሙሉ በሙሉ ከዚህ ላወጣው አስቤ ነበር። ይህ ምክር ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ስለሆነ መልሱ ከአጠገቡ ቢገኝ ይሻላል ብዬ ተውሁት።

ምላሽ 15። አሥራ ሁለተኛዋ ተመልሳ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ክሮቹን በእጄ ስነካ ጉርምርምታው ይቀንሳል? አይቀንስም። በደኅና ጊታር ላይ ይቀንሳል፤ ሰውነታችን ከአየር የሚቀበለውን ጩኸት ወደ ጊታሩ ያቀብል የነበረው ክሩን ስንነካ ከመሬቱ ሽቦ ጋር ስለሚገናኝ። ካልቀነሰ ከድልድዩ ጋር የሚያያዘው ሽቦ ተለቋል ማለት ነው። ስንነካው የሚጨምር ከሆነ ደግሞ የሽቦ አገጣጠም ስሕተት አለ፤ ሳይመረመር መጫወት አይገባም። የጀርባውን መክደኛ ከፈትሁ። የድልድዩን ስፕሪንጎች ከያዘው ብረት ላይ አንዲት ጥቁር ሽቦ ተላቃ ተንጠልጥላለች፤ ብየዳው ከመጀመሪያውም በወጉ አልያዘም ነበር። መልሼ በየድኋት። ጉርምርምታው እጄ ክሩ ላይ ሲያርፍ ከግማሽ በታች ወረደ፤ በሃምበከሩ ላይ ደግሞ ከናካቴው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም።

ምላሽ 16፣ 17 እና 18። እንጨት። ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር በተወራበት ሁሉ ይህ ክርክር ይመጣል፤ እዚህም መጣ። አንዱ ፖፕላር ሞቶ የተቀበረ ድምፅ ነው ያለው አለ፤ ሌላው ፒክአፕ የሚሰማው ብረት እንጂ እንጨት አይደለም ብሎ መለሰ፤ መዘላለፍም ተጀመረ። ከዚህ ውስጥ ሊያዝ የሚገባው ስለ ሮዝውድ የተጻፈው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁሉንም የሮዝውድ ዝርያዎች በቁጥጥር ሥር አዋለ፤ በ2019 መጨረሻ ላይ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ ነፃ ወጡ። በመካከሉ ብዙ አምራቾች የጣት ሰሌዳውን፣ ፍሬቶቹ የተተከሉበትን፣ በሌላ እንጨት ተክተዋል። በእነዚያ ዓመታት የተሠራ ጊታር ሰሌዳው ሮዝውድ ባይሆን አምራቹ አጭበርብሯል ማለት አይደለም።

ምላሽ 19። አንድ ጉዳይ ቀርቶ ነበር፤ ክሩን ስጎትተው ቅኝቱ መዛባቱ። እኔ መቃኛ ቁልፎቹን እጠረጥር ነበር፤ አዲስ ልገዛም አስቤ ነበር። አሥራ ዘጠነኛው ቆይ አሉኝ። በአብዛኛው ጥፋተኛው ነት የሚባለው፣ በአንገቱ ራስ ላይ ስድስቱ ክሮች የሚያልፉበት ባለ ስንጥቅ ጉጥ ነው። ስንጥቁ ከጠበበ ክሩ ሲጎተት ይወጣል፤ ሲለቀቅ ግን ተነክሶ ይቀራል። ምልክቱ ክሩ ሲቃኝ የሚሰማ ቲክ የሚል ድምፅ ነው። መቃኛው ቁልፍ ሲዞር ድምፁ ምንም ሳይለወጥ ቆይቶ በድንገት ይዘላል። ክሩን አላልቶ ስንጥቁን በእርሳስ ማቅለም፤ የእርሳሱ ግራፋይት ያሟልጠዋል። ይህ ካልበቃ ስንጥቁን በክሩ ልክ በሆነ ቀጭን ሞረድ ጥቂት ማስፋት፤ ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች አይደለም፤ ከወረደ ክሩ 1ኛውን ፍሬት እየነካ ይነዝራል። ቁመቱንም መመርመሪያ ሰጥተዋል። ክሩን በ2ኛውና በ3ኛው ፍሬት መካከል ተጭኖ በ1ኛው ፍሬት አናት ላይ ያለውን ክፍተት ማየት። ወረቀት የምታልፍበት ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከአንገቱ ራስ አጠገብ የሚያዙት ኮርዶች ሁሉ ከፍ ይላሉ፤ ጀማሪም ጆሮዬ ነው ብሎ ይጨነቃል። ለእኔ እርሳሱ በቃ። ቁልፎቹን ሳልገዛ ቀረሁ።

ምላሽ 20። አጭር ነበር። የፍሬቱ ጫፍ የሚወጣው ፍሬቱ አድጎ ሳይሆን እንጨቱ ደርቆ በጎን ስለጠበበ ነው። ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ባለበት ቦታ ማስቀመጥ ይረዳል፤ የወጣውን ግን በለስላሳ ሞረድ በማዕዘን መከርከም፣ የጣት ሰሌዳውንም በቴፕ ሸፍኖ መሥራት።

ምላሽ 21። የመክፈቻ ጥያቄዬን ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ የመለሰው ይህ ነው። የማይስተካከለው ምንድን ነው? ጸሐፊው ብዙ ጊታር በእጃቸው ያለፈ ሰው ናቸው። አንደኛ፣ የተጠማዘዘ አንገት። ጊታሩን አንሥቶ ከድልድዩ በኩል በአንድ ዓይን ወደ ራሱ ሲያዩት የግራው ጠርዝና የቀኙ ጠርዝ በተለያየ አቅጣጫ ከሄዱ መተው ነው፤ የብረት ዘንጉ ጉብጠትን እንጂ ጥምዝን አያቃናም። ሁለተኛ፣ ዘንጉ እስከ ጥጉ ጠብቆ አንገቱ አሁንም የጎበጠ ከሆነ። ሦስተኛ፣ ድልድዩ ከቦታው ውጭ የተተከለ ከሆነ፤ መቀመጫው እስከ ጫፍ ተገፍቶም በ12ኛው ፍሬት ላይ ካልገጠመ ወይም ዳርኛው ክር ከአንገቱ ጠርዝ የሚወድቅ ከሆነ። ከእነዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው። ስለ ፍሬት ግን አስጠንቅቀዋል፤ ብዙ ፍሬት ከፍና ዝቅ ካለ ማስተካከያው ከጊታሩ ዋጋ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት በስድስቱም ክር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ማሰማት ይገባል፤ በሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ላይ ደግሞ ከ12ኛው በላይ ጎትቶ መሞከር። ሻጩ ቢሰለች ይሰልች።

ምላሽ 22። ሦስተኛው ተመልሶ መጣ። ሐሳቡን አልለወጠም፤ ነገር ግን አንድ ያልመለስንለት ነገር እንዳለ አስታወሰ። ይህ ሁሉ ሥራ ሊሸጥ አይችልም። ነገ ጊታሩን ለገበያ ባወጣው ገዢ የሚከፍለኝ ለተጻፈበት ስም እንጂ ላጠፋሁት ሰዓት አይደለም። ልክ ነው፤ ይህን ጽሑፉን በደስታ እቀበላለሁ። የሚሸጥ ጊታር ለሚፈልግ ሰው የእሱ ምክር ይሻላል። እኔ ግን ስጠይቅ ያልገባኝ አሁን ገብቶኛል፤ የምፈልገው የምጫወትበት ጊታር ነበር። አልሸጠውም።

ምላሽ 23። የቀረችኝን አንዲት ነገር ለሁሉም ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ክር 15ኛው ፍሬት ላይ ስጎትት ድምፁ ይታነቃል። አራተኛዋ መለሰችልኝ፤ ሦስት ፍሬቶችን ብቻ የሚሸፍን አጭር ቀጥ ያለ ብረት በፍሬቶቹ ላይ አስቀምጬ ብረቱ ከተነቃነቀ መሐለኛው ፍሬት ከፍ ብሏል ማለት ነው አለችኝ። አስቀመጥሁ፤ በ16ኛው ላይ ይነቃነቃል። ሞረድ ከማንሣቴ በፊት ፍሬቱ ከስንጥቁ ተነሥቶ እንደሆነ እንድፈትሽ፣ ተነሥቶ ከሆነም በትንሽ የፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ብዬ መልሼ እንዳስገባው መክራኛለች። በጥፍሬ ስጫነው ጫፉ ይወርዳል፣ ስለቀው ይነሣል። መዶሻውን ከጎረቤት ተውሻለሁ፤ ቅዳሜ እሠራውና ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።